ክንድ ስጡን እንጂ አትጎትቱን
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥኳቸው ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፣ ሦስቱም ማየት ከተሳነው ሰው ጋር እንዴት እንኑር፣ እንዴት እናግዝ የሚሉ። እኔም ዓይነ ስውር ነኝ፣ ደብዳቤያችሁንም ያነበበልኝ ስልኬ ነው፣ ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ከኑሮ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ 68 ዓመቱ ነው። ግላኮማ ነው ተብሎ አንድ ዓይኑ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል ሌላውም እየደከመ ነው። ቤት ውስጥ ሁላችንም እንሯሯጥለታለን፣ እኔ አጎርሰዋለሁ፣ ወንድሜ ያለብሰዋል፣ ውሃ እንኳን ራሱ አይቀዳም። ግን ከቀን ወደ ቀን ዝም እያለ ነው የመጣው። ጠዋት ጠዋት ዳዊቱን ሳይደግም ቁርስ የማይቀምስ ሰው አሁን ትቶታል። ደግሞ አንድ የሚያምታታን ነገር አለ፣ በር ላይ የቆመን ሰው ፊት ለይቶ ስሙን ይጠራል፣ ወዲያው ግን እግሩ ስር ያለ በርጩማ መትቶት ይወድቃል። ወንድሜ «ሲፈልግ ያያል» ይላል። ምን እናድርግ?
ልጁ ነኝ፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ ከወንድምሽ ንግግር ልጀምር ምክንያቱም እሱ ነው በጣም ያሳዘነኝ። አባትሽ አያስመስሉም። ግላኮማ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ነው የሚጎዳው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ መጀመሪያ የሚበላው የጎኑን እይታ ነው፣ መሀሉ እስከ መጨረሻው ሊቆይ ይችላል። በቀጭን ቧንቧ አጮልቀሽ እይ፣ ፊት ለፊት ያለው ሰው ፊቱ ይታይሻል እግርሽ ስር ያለው በርጩማ ግን የለም። የእሳቸውም ነገር እንደዛ ነው። ቀትር ላይ ደህና የሄዱበትን ግቢ ሲመሽ ሊጠፋባቸው ይችላል፣ ከፀሐይ ወደ ጨለም ያለ ቤት ሲገቡም ለትንሽ ጊዜ ምንም ላያዩ ይችላሉ። ይህን ለወንድምሽ ቁጭ ብለሽ አስረጂው፣ ምክንያቱም ሰው በገዛ ቤቱ «ታስመስላለህ» ከተባለ ከዛ በኋላ አይታየኝም ብሎ እርዳታ መጠየቅ ያቆማል።

ስለ ሕክምናው ሁለት ነገር። በግላኮማ የጠፋው እይታ አይመለስም፣ ጠብታው የተሰጣቸው የቀረውን ለማቆየት ነው። ስለዚህ «ይሄ ጠብታ ምንም አላሻለኝም» ብለው እንዳይተዉት፣ ብዙ ቤት እንደዚህ እየተባለ ነው የተረፈው ዓይን የሚጠፋው። ጠበል መጠመቅ ከፈለጉ ይጠመቁ ጠብታው ግን አይቋረጥ። ሁለተኛው ያንቺና የወንድምሽ ጉዳይ ነው፣ ይሄ በሽታ በዘር ይሄዳል፣ ብዙ ጊዜ ሲጀምር ሕመም የለው ምልክት የለው። እናትና አባት ወይም እህትና ወንድም ላይ ከታየ የዓይን ግፊታችሁንና ነርቫችሁን መታየት አለባችሁ፣ አሁኑኑ ሂዱ።

ወደ ዝምታቸው ልምጣ። ክፉ አስባችሁ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን ዓይናቸውን ግላኮማ ወሰደው፣ እጃቸውን ደግሞ እናንተ ወሰዳችሁት። ቤተሰብ ያስተዳደረ ሰው ሸሚዙን ሌላ ሰው እየቆለፈለት፣ መቼ እንደሚበላ ሌላ ሰው እየወሰነለት ምን ብሎ ያውራ? አባትሽን ጠይቂያቸው። «አባዬ የትኛውን ራስህ ታደርገዋለህ የትኛውን እንድናግዝህ ትፈልጋለህ?» በያቸው፣ የሚመልሱትን ደግሞ ተቀበዪ፣ ሲያደርጉት ቢዘገዩም ዝም ብለሽ ጠብቂ። ልብሳቸው ሁሌ አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ ይልበሱት። ቀዝቃዛ ውሃ ሲቀዱ አንድ ጣታቸውን ብርጭቆው አፍ ላይ ወደ ውስጥ ጠለቅ አድርገው ይያዙ፣ ውሃው ጣታቸውን ሲነካ መሙላቱን ያውቃሉ፣ በሁለት ቀን ይለምዱታል። ብሩን በአስር፣ በሃምሳ፣ በመቶና በሁለት መቶ ለይታችሁ እያንዳንዱን በተለያየ መንገድ አጥፋችሁ ስጧቸው፣ አስሩ ሳይታጠፍ፣ ሃምሳው አንዴ፣ መቶው ሁለቴ እያላችሁ፣ ከዛ ሱቅም እድርም ላይ ራሳቸው ቆጥረው ይክፈሉ።

ማዕድ ላይ ትሪው ሲቀርብ «ምስሩ በቀኝህ ነው፣ ጎመኑ በግራህ፣ መሀል ላይ ወጡ አለ» በያቸውና ራሳቸው ይቁረሱ። ጉርሻ ባህላችን ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ሳይነገር አፍ ላይ የመጣ ጉርሻ ያስደነግጣል፣ ስለዚህ «አባዬ ላጉርስህ» ብለሽ ድምፅሽን ካሰማሽ በኋላ ነው፣ እሳቸውም መልሰው ያጉርሱሽ። ቡናው ሲቀርብ «በቀኝህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ትኩስ ነው» ማለት ይበቃል።

ቤቱን በተመለከተ፣ በር ወይ ሙሉ በሙሉ ይከፈት ወይ ይዘጋ፣ ገርበብ ያለ በር ግንባር ነው የሚመታው፣ እኔ ላይ የደረሰብኝ ጉዳት አብዛኛው ከገርበብ በር ነው። በርጩማው ከተነሱበት በኋላ ጠረጴዛ ስር ይግባ። እንግዳ መጣ ብላችሁ ዕቃ ካዘዋወራችሁ ሳትነግሯቸው አትደሩ። የቀረችውን እይታ ደግሞ አግዟት፣ የደረጃውን ጠርዝ ደማቅ ቢጫ ቀለም ቀቡት፣ መተላለፊያው ላይ ጥሩ መብራት ይኑር፣ ቡናው በነጭ ስኒ ይቀዳ ጥቁርና ነጩ ስለሚለያይ ይታያቸዋል፣ ወተት ከሆነ ግን ጠቆር ባለ ኩባያ።

ዳዊቱን በተመለከተ፣ ዕድሜ ልካቸውን የደገሙት ስለሆነ አብዛኛውን በቃላቸው እንደሚይዙት እገምታለሁ። በየአብነት ትምህርት ቤቱ ዓይነ ስውር የሆኑ ሊቃውንት ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩት በቃል እየያዙ አይደል? ጠዋት አጠገባቸው ተቀመጪና የመጀመሪያውን መስመር አንብቢላቸው፣ ከዛ ይቀጥሉ፣ የጠፋባቸው ቦታ ላይ ብቻ አስታውሺያቸው። ጎረቤት መጥቶ እሳቸው ቁጭ ባሉበት አንቺን «አባባ እንዴት ናቸው?» ሲልሽ ደግሞ አትመልሺ፣ «እዚሁ ናቸው፣ ራሳቸውን ጠይቋቸው» በይው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነጭ በትር የያዘ ልጅ ቆሞ አየሁና አሳዘነኝ፣ እጁን ይዤ ወደ ሰልፉ ፊት ወሰድኩት፣ ሃምሳ ብርም እጁ ላይ አስጨበጥኩት። ብሩን መልሶልኝ «ለምኜሃለሁ?» አለኝና ተመልሶ ሄደ። በበጎ ነበር ያሰብኩት፣ ምን አጠፋሁ?
ቅር ያለኝ

መልስ፦ ወንድሜ ልብህ ጥሩ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ያ ልጅ ምናልባት ተማሪ ነው፣ ምናልባት አስተማሪ ነው፣ ምናልባት ደሞዙ ካንተ ይበልጣል። እንደሌላው ሰው ተሰልፎ ታክሲ እየጠበቀ ነበር። እኔንም ስልክ እያወራሁ ቆሜ ሳንቲም ያስጨበጠኝ ሰው አለ፣ አልፎ ሲሄድ ደግሞ «እግዜር ይማርህ» ይላል፣ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያይሃል መልስ የምትሰጠው ሰው ግን የለም፣ ሄዷል። ሀገራችን ውስጥ ብዙ ሰው ዓይነ ስውርን የሚያውቀው ከቤተክርስቲያን ደጃፍ ስለሆነ እጁ ሳያስበው ወደ ኪሱ ይሄዳል። ካልለመነህ ሰው ጋር ገንዘብ አያገናኝህም።

እርዳታውን ግን አትተው፣ እኔ ራሴ በጣም የምፈልገው ጊዜ አለ፣ በተለይ መንገድ ሲቆፈርና የማንሆል ክዳን ሲጠፋ፣ እግረኛ መንገድ ላይ አሸዋና ድንጋይ ሲከመር። አካሄዱ እንደዚህ ነው። መጀመሪያ ድምፅ፣ «ጤና ይስጥልኝ፣ ልርዳህ?» በል። እሺ ካለህ «ክንዴን ያዝ» በለውና የእጅህን ጀርባ ወደ እጁ ጀርባ አስጠጋ፣ እሱ ከክርንህ ከፍ ብሎ ይይዝሃል። አንተ ግማሽ እርምጃ ቀድመህ ትሄዳለህ፣ ስትዞርም ስትወርድም ከሰውነትህ ይሰማዋል። አንተ ከያዝከውና ከጎተትከው ግን ሚዛኑን ያጣል፣ ከኋላ ሆነህ ከገፋኸው ደግሞ ጉድጓዱን ቀድሞ የሚያገኘው እሱ ነው። በትሩን ወይም እኛ ኬን የምንለውን በፍጹም አትንካ፣ መሬቱን የሚያነብበት በሱ ነው። ጠባብ ቦታ ሲመጣ ክንድህን ወደ ጀርባህ አድርግ፣ እሱ ከኋላህ ይገባል። ደረጃ ላይ ቆም በልና «ወደ ላይ ነው» ወይም «ወደ ታች ነው» በለው፣ ሲያልቅም ንገረው።

«ተጠንቀቅ!» ብሎ መጮህ ለኛ ምንም አይነግረንም፣ ጉድጓድ ይሁን ባጃጅ ይሁን በላይ የተንጠለጠለ ብረት ይሁን አናውቅም። «ቁም!» በል፣ ከዛ ምን እንዳለ ተናገር። «እዛ ጋ» እና «በዚህ በኩል» የሚሉትንም ተዋቸው፣ በግራህ፣ በቀኝህ፣ አምስት እርምጃ ያህል በል። ሚኒባስ ሲመጣ ረዳቱ የጠራውን መንገድ ድገምለት፣ ሲገባ አንድ እጁን የበሩ ጠርዝ ላይ አስይዘው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ መሆኑንም ንገረው፣ በጉልበት አታስገባው። መንገድ ካሻገርከው በኋላ መሀል አደባባይ ላይ ትተኸው እንዳትጠፋ፣ የት እንደቆመና ፊቱ ወዴት እንደዞረ ንገረውና «ልሄድ ነው» ብለህ ተሰናበተው። አይ አመሰግናለሁ ካለህ ደግሞ አትቀየም መንገድህን ሂድ፣ ቢሮው ድረስ በየቀኑ የሚሄድበት መንገድ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ሰኞ አንዲት ዓይነ ስውር ባልደረባ ወደ ክፍላችን ተመድባ ትመጣለች። አለቃችን «ሥራ ላይ እንዴት ነው የምትሆነው» እያለ ተጨንቋል፣ እኛም እንዳናስቀይማት ፈርተናል። ምን እናዘጋጅ?
የቢሮ ሠራተኛ

መልስ፦ አለቃህ እሷን ይጠይቃት፣ ሥራውን ተወዳድራ ነው ያገኘችው፣ በምን እንደምትሠራ ከሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ በ5 ዓመቷ ዓይኗን አጥታ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ፣ ለአካል ጉዳተኞች መብት ስትሠራ ቆይታ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታለች፣ ይህን የማነሳው የናንተዋ ባልደረባ ጀግና ትሁን ለማለት ሳይሆን አለቃህ እንዲረጋጋ ነው። አዋጅ ቁጥር 568/2000ም አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ምቹ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ያስገድዳል፣ ቢያነበው ይጠቅመዋል።

እናንተ ደግሞ ወደ ክፍሏ ስትገቡ ስማችሁን ተናገሩ። «እስቲ ማን ነኝ? ድምፄን አወቅሽው?» የሚለውን ጨዋታ እባካችሁ ተዉት፣ በሀገራችን ዓይነ ስውር ሆኖ ይሄ ፈተና ያልደረሰበት ያለ አይመስለኝም፣ አንዳንዱ እንደውም እስክታውቀው ድረስ እጅህን አይለቅህም፣ ከአስር ዓመት በፊት አንዴ ያገኘኸው ሰው። ስትወጡም «ወጣሁ» በሉ፣ ለባዶ ወንበር ማውራት ደስ አይልም። ሰላም ለማለት እጃችሁን ከዘረጋችሁ ተናገሩ። ምሳ ስትወጡ አስተናጋጁ እናንተን «እሷ ምን ትብላ?» ካላችሁ ዝም በሉ፣ ራሷ ታዝዛለች። «አየሽው ወይ፣ ፊልም አየሁ» ማለት አያስፈራችሁ፣ እኛም እንደዛው ነው የምናወራው።

ዋናው ግን የጽሑፍ ጉዳይ ነው። ኮምፒውተሯ የሚያነብላት ስክሪን ሪደር በሚባል ፕሮግራም ነው፣ ጆስ ወይም ኤንቪዲኤ፣ ኤንቪዲኤ በነፃ ነው የሚገኘው። ፕሮግራሙ የሚያነበው የተተየበ ፊደል ነው። ማህተም ያረፈበትን ደብዳቤ ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስትለጥፉ ለሷ «ፎቶ» ከማለት ያለፈ ነገር ላይሰማት ይችላል፣ ስካን የተደረገ ፒዲኤፍም ብዙ ጊዜ ያው ነው፣ ስለዚህ ዋና ዋናውን ከስሩ ተይቡት ወይም የወርድ ፋይሉን ላኩላት። በድሮዎቹ ዩኒኮድ ባልሆኑ የግዕዝ ፎንቶች (ዩኒኮድ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት የሚለዩበት የጋራ አሠራር ነው) የተጻፈ ደብዳቤ ደግሞ ስክሪን ላይ አማርኛ ይመስላል ስክሪን ሪደሩ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት ትርጉም የለሽ ነገር ነው የሚያነበው፣ ብዙ መሥሪያ ቤት እስካሁን በዚህ ነው የሚጽፈው። ዛሬውኑ ደውሉላትና የትኛውን ፕሮግራም እንደምትጠቀም ጠይቋት፣ የአይቲ ክፍላችሁ ከሰኞ በፊት ጭኖ ይጠብቃት፣ የክፍሉን የደብዳቤ ቅጾችም በዩኒኮድ እንደገና ይጻፏቸው።