የፈረስ ጉዝጓዝ ስለመቀየር ጠይቁኝ፣ ከጭድ ወደ ሰጋቱራ የገባሁ የጅማ ሰው ነኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ጭድ ትቼ ሰጋቱራ ጀመርኩ ካልኩ ወዲህ ጥያቄ ስለበዛብኝ ለየብቻ መመለስ አቃተኝ፣ እዚሁ ጠይቁኝና አንድ ላይ እንጨርሰው። ለማታውቁኝ፦ ጅሬን አካባቢ ነኝ፣ ባጃጅ ገበያውን እስኪወስደው 14 ዓመት ጋሪ ነድቻለሁ፣ አሁን አራት ፈረስና አንድ በቅሎ አሉኝ። ሐኪም አይደለሁም። የደረሰብኝንና ሐኪም ጠይቄ የገባኝን ነው የማወራው።

ጥያቄ፦ ጋሼ ጭድ ምን በደለህ? አባቶቻችን ጭድና ሳር ጎዝጉዘው ነው ፈረስ ያሳደጉት።

መልስ፦ ጭድ ምንም አልበደለኝም ወንድሜ፣ ደረቅ የጤፍ ጭድ ካገኘህማ ከሱ የሚለሰልስ የለም። ችግሩ ደረቅ የሚባለውን ማግኘቱ ነው። የኛን አገር ዝናብ ታውቀዋለህ፣ መጋቢት አካባቢ ይጀምርና እስከ ጥቅምት አይለቅህም፣ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወርድበት ከተማ ነው። በዛ ላይ ጭድ ለከብት መኖ ይፈለጋል፣ ለጭቃ ቤት ምርጊት ይፈለጋል፣ እኔ ደግሞ ያንን ውድ ነገር ገዝቼ ሽንት ላስጠጣው? ክረምት ላይ የምገዛው ጭድ ከላዩ ደረቅ ይመስልና መሃሉን ስትበትነው ነጭ አቧራ ቡን ይላል፣ እሱ አቧራ አይደለም ሻጋታ ነው። ዳማው ፈረሴ ጠዋት ጠዋት እየሳለ፣ ዳገት ላይ ጎኑ እንደ ወናፍ እየነፋ ሲያስቸግረኝ ጉንፋን መስሎኝ ስንት ጊዜ ዝም አልኩት መሰለህ። ጭዱን አውጥቼ ጋጣው ሲናፈስ ነው ሳሉ የቀነሰው። ሌላው ደግሞ ጉዝጓዙን ይበሉታል፣ ትንሽ ቢቀምስ ችግር የለውም ግን ቀን ሙሉ ሰርቶ የራበው ፈረስ ሌሊቱን ሙሉ ጭድ ሲጠቀጥቅ አድሮ ውሃ ካልጠጣ ሆዱ ይደርቃል፣ ከዛ ቁርጠት ነው። እራት ሳላበላ ያሰርኩት ቀን ደርሶብኛል።

ጥያቄ፦ እዚህ ጅማ ውስጥ እኮ የቡና ገለፈት በነፃ ሞልቷል፣ መቀሸሪያ ቤቶች ክምሩን የሚያነሳላቸው አጥተዋል። ለምን እሱን አናነጥፍም? (ከአጋሮ)

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። እኔም እንዳንተ አስቤ ነው ጉድ የሆንኩት። የዛሬ አምስት ዓመት ከአንድ መቀሸሪያ የጀንፈል (ከነስጋው የደረቀ ቡና) ገለፈት ስድስት ማዳበሪያ ሙሉ ጭኜ መጣሁ፣ ደረቅ፣ ቀላል፣ ሽታውም ደስ ይላል፣ ሽንት ይመጥጣል። የመጀመሪያው ቀን ጎበዝ ነኝ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ። በሦስተኛው ጠዋት ጋጣ ስገባ ቦራው ፈረሴ ጥግ ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጣል፣ አንገቱ ስር ላብ በላብ ሆኗል፣ ያውም በብርድ፣ ከንፈሩንና ምላሱን ዝም ብሎ ያንቀሳቅሳል፣ የሚያኝከው ነገር ሳይኖር። በሩን ገፋ ሳደርገው ነብር ያየ ይመስል ዘለለ። ይሄ ፈረስ መርካቶ መሃል የመኪና ጥሩንባ ጆሮው ላይ ሲጮህ ቆሞ የሚያንቀላፋ ፈረስ ነው! ሐኪሙ መጥቶ መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን አበላኸው ብሎ ነው፣ ምንም አዲስ ነገር አላበላሁትም አልኩ፣ ከዛ አይኑ ወለሉ ላይ አረፈና "ይሄን ነዋ" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ካፌይን ያለው ፍሬው ላይ ብቻ አይደለም፣ ገለፈቱም ውስጥ አለ። የጀንፈሉ ስጋ አብሮ ስለደረቀ ደግሞ ጣፈጥ ይላል፣ ፈረስ ደስ ብሎት ይለቅመዋል። ብራዚልም ቡና አብቃይ አይደለች፣ እዛም የቡና ገለፈት የተነጠፈላቸው ፈረሶች በልተውት እንዲሁ ሲንቀጠቀጡና ሲያልባቸው ተመዝግቧል። የፈረንጅ እሽቅድምድም ላይማ ፈረሱ ደም ወይ ሽንት ውስጥ ካፌይን ከተገኘ ያስቀጣል፣ እኛ ማዳበሪያ ሙሉ አስተኝተንበት ነበር። ያን ቀን ሁሉንም ጠርጌ አወጣሁ፣ ውሃና ሳር አቀረብኩለት፣ በሁለት ቀን ተመለሰልኝ፣ ተመስገን። ገለፈቱን ለኮምፖስት ተጠቀሙበት፣ ጋጣ ግን አታስገቡት። "የኔ ፈረስ አይበላውም" የሚለኝ ሰው ሌሊት ከፈረሱ ጋር አድሮ ከሆነ አምነዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰጋቱራ ከየትኛው እንጨት ነው ጥሩው? ጅማ እንጨት ቤት ሞልቷል መቼስ።

መልስ፦ አዎ በርጩማና አልጋ የሚሰራበት ከተማ ስለሆነ በዚህስ ታድለናል። እኔ ከሰጋቱራው ይልቅ የመላጊያውን ፍቅፋቂ እመርጣለሁ፣ ያ ጥቅልል ጥቅልል እያለ የሚወድቀው ማለቴ ነው፣ አቧራው ያንሳል፣ ከስርም አየር ይይዛል። ደቃቁ የመጋዝ ብናኝ ሽንት በደንብ ይመጥጣል ግን ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ እሱ ብቻ ካለህ ስትበትነው ውሃ እፍ እፍ አድርግበት፣ ፈረሱንም ያኔ ውጭ አውጣው። ጥድ፣ ግራቪሊያ፣ ባህር ዛፍ ሰርቼባቸዋለሁ፣ ከደረቁ ደህና ናቸው። እርጥብ ግንድ ሲሰነጠቅ የወጣ ሰጋቱራ ግን በማዳበሪያ ታስሮ ሲያድር ይግላል፣ ከዛ ይሻግታል። እፍኝ ይዘህ ጨምቀው፣ እጅህን ስትከፍት ካልተበተነ ፀሐይ ይፈልጋል።

የማላስገባው ከቺፕውድና ከኤምዲኤፍ የወጣውን ነው፣ ሙጫ አለበት። ቀለምና ቫርኒሽ የነካውም እንደዛው። ምስማርና ስቴፕል ደግሞ በትልቅ ማግኔት ካላሰስክ አንድ ቀን ኮቴ ውስጥ ታገኘዋለህ። የማታውቀውን እንጨትም ተጠንቀቅ፣ አሜሪካ ውስጥ ብላክ ዋልነት የሚሉት ዛፍ አለ፣ ሰጋቱራው ላይ የቆመ ፈረስ በአንድ ቀን ውስጥ እግሩ አብጦ ኮቴው ይነድዳል። እኛ ጋ ያንን ዛፍ አላየሁም ግን እንጨት ሁሉ እንጨት ነው ብለህ አትዝናና ለማለት ነው።

ጥያቄ፦ ስንት ማዳበሪያ ይበቃል?

መልስ፦ ሦስት በሦስት ለሆነ ጋጣ መጀመሪያ ከ10 እስከ 12 ማዳበሪያ፣ ከፍታው ከስንዝር ትንሽ ያነሰ። ከዛ በኋላ እኔ በሳምንት ሁለት እጨምራለሁ። በሦስት ማዳበሪያ ጀምሮ "ሰጋቱራ አይረባም" የሚል ሰው አጋጥሞኛል፣ ስስ ከሆነ ሽንቱ በቀጥታ ወለሉን ይመታል፣ ፈረሱም ሲተኛ ክርኑ ይላጣል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ እኔ ሰጋቱራ አድርጌም ጋጣው አይን ያቃጥላል። ምንድነው የማጠፋው?

መልስ፦ ወለልህ ምንድነው? ስትመልስልኝ "አፈር ነው፣ መሃሉ ጎድጎድ ብሏል" አልከኝ፣ በቃ መልሱ እሱ ነው። ሽንት ጉድጓዱ ውስጥ ይቆያል፣ ባክቴሪያ ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ይቀይረዋል፣ አይንህን የሚያቃጥለው እሱ ነው። አንተ ቆመህ ነው የምታሸተው፣ ቁጢጥ ብለህ ፈረሱ ሲተኛ አፍንጫው የሚደርስበት ጋ አሽትተው እስኪ፣ እኔ የመጀመሪያ ቀን ስሞክረው እንባዬ ነው የመጣው። ያንን ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍስ ፈረስ እንዴት አይስል?

እንዲህ አድርግ፦ ሁሉንም አውጣ፣ ወለሉን ቆፍረህ ድንጋይ ጠጠር፣ ከላይ ቀይ አሸዋ ወይ ገረጋንቲ ደልድለህ በደንብ ምታው፣ ወደ በሩ ትንሽ ተዳፋት ስጠው፣ ከውጭ ቦይ ቅደድ። ከዛ በየጠዋቱ ፋንድያውን በመንሽ አንሳ፣ የረጠበውን ቦታ ፈልገህ እስከ ወለሉ ዛቀው። ፈረስ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ነው የሚሸናው፣ ሳምንት ካየኸው በጨለማም ታገኘዋለህ። ይሄ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም፣ ከተዘለለ ግን ጭድም በለው ሰጋቱራ ያው ጭቃ ነው። እኔ ራሴ ጉዝጓዝ ሦስት ጊዜ ከቀያየርኩ በኋላ ነው ወለሉ እንደነበረ የገባኝ። ግድግዳው ጣሪያ አካባቢ ክፍት ይሁን፣ ብርድ ይገባል ብላችሁ በሸራ አትጠርቅሙት፣ ፈረስ ከብርድ ይልቅ የታፈነ ቤት ነው የሚጎዳው።

ጥያቄ፦ ሽታውን ለማጥፋት አመድ ብነሰንስስ? እናቴ ሁሌ ታደርገው ነበር።

መልስ፦ ለእናትህ ክብር አለኝ፣ አመድ ያደርቃል። ግን አመድም ኖራም ሽንት ላይ ሲያርፉ አሞኒያውን ይበልጥ ነው የሚያስነሱት፣ ቆዳም ይበላሉ። ለዶሮ ቤት ተወው።

ጥያቄ፦ ኮቴው ስር መሃሉ ይሸታል፣ ጥቁር ነገር ይወጣዋል። የጉዝጓዝ ነገር ነው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አዎ። ከኮቴው ስር መሃል ላይ ያለችው ለስላሳ ቦታ እርጥብ ላይ ስትውልና ስታድር ትበሰብሳለች። በየማታው ኮቴውን ጥረግ፣ ደረቅ ጉዝጓዝ ላይ አሳድረው። ካነከሰ ወይ ስትነካው እግሩን ከነጠቀህ ግን የጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ክሊኒክ ውሰደው፣ ቤት ውስጥ የባትሪ ውሃ ምናምን አታፍስበት፣ ሲያፈሱ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ የጋሪ ፈረሴ እግሩ ላይ እንደ ዶቃ የተደረደረ እብጠት ወጥቶ እየፈነዳ መግል አለው። ጉዝጓዙን ሰጋቱራ ባደርግለት ይሻለዋል?

መልስ፦ አይ ወንድሜ፣ ይሄ የጉዝጓዝ ጉዳይ አይደለም፣ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። በአገራችን የጋሪ ፈረሶች ላይ፣ በተለይ እንደ ጅማ ባለ ሞቅና እርጥብ ባለ ቦታ፣ በፈንገስ የሚመጣ በሽታ አለ፣ በቁስል ነው የሚገባው፣ ዝንብም ያዛምተዋል፣ ፈንገሱ አፈርና ጋጣ ውስጥ ይቆያል። የኔ ምክር እስከዛ ድረስ ለብቻው እሰረው፣ ኮርቻና ልጓሙን ለሌላ ፈረስ አታውስ፣ የተኛበትን ጉዝጓዝ ለኮምፖስት ሳትል አቃጥለው። በነገራችን ላይ ክፍት ቁስል ያለበት ፈረስ፣ ጀርባውን ኮርቻ የላጠውም ጭምር፣ ደቃቅ ሰጋቱራ ቁስሉ ላይ ይለጠፍበታል፣ እስኪድን ንፁህ ጭድ ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ ባዝራዬ ልትወልድ ነው፣ ሰጋቱራው ላይ ትውለድ?

መልስ፦ አትውለድ እህቴ። ውርንጭላው እርጥብ ሆኖ ነው የሚወድቀው፣ ብናኙ አፍንጫውና እትብቱ ላይ ይጣበቃል። ለሱ ጊዜ ብለሽ ሻጋታ የሌለው ደረቅ ጭድ ቀደም ብለሽ አስቀምጪ፣ ወፈር አድርገሽ ጎዝጉዢላት። እንኳን ማርያም ማረችሽ ስንላት ንገሪን።

ጥያቄ፦ ሰጋቱራ ያለበትን ፋንድያ በቆሎ ላይ ደፋሁት፣ በቆሎው ቢጫ ሆነ። (ከሰርቦ)

መልስ፦ ጥሬውን ነው የደፋኸው። ሰጋቱራ ሲበሰብስ ከአፈሩ ናይትሮጅን ይወስዳል፣ በቆሎህ ተርቦ ነው። ከምረው፣ በየሳምንቱ ሁለቱ አገላብጠው፣ ከላይ በኮባ ቅጠል ሸፍነው፣ ከጭድ ይልቅ ጊዜ ይወስዳል፣ እኔ ስድስት ወር እጠብቃለሁ። አፈር አፈር ሲሸት አቮካዶና ቡና ስር አድርገው። የቡና ገለፈት ያልኩህም እዚህ ክምር ውስጥ ነው ቦታው።

ጥያቄ፦ በአንዴ ልቀይር ወይስ ቀስ በቀስ? በቅሎዬ አዲስ ነገር አይታ አትገባም።

መልስ፦ በቅሎማ ንጉሥም ቢጋብዛት ካላመነች አትገባም። እኛ ጅማዎች ንጉሣችንን በፈረሱ ስም አባ ጅፋር ብለን ስንጠራ የኖርን ሰዎች ነን፣ ለበቅሎም ትንሽ ትዕግስት አያንሰንም። ግማሹን ጋጣ በድሮው ጭድ፣ ግማሹን በሰጋቱራ አድርገውና አንድ ሳምንት ተወው። የት እንደምትተኛና የት እንደምትሸና እይ። አንዳንዱ ፈረስ ባዶ ወለል ላይ ሽንቱ እግሩን ስለሚረጨው ይዞ ያድራል፣ ጉዝጓዝ ስታስገባለት ወዲያው ይሸናል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰጋቱራውን የሚበላ ከሆነ ጉዝጓዙ ሳይሆን መኖው ነው ያነሰው።

ጥያቄ፦ ጋሼ የመጨረሻ፣ ፈረስ ቆሞ ነው የሚተኛው አይደል? ታዲያ ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን?

መልስ፦ ቆሞ ያንቀላፋል እንጂ ድብን ያለውን እንቅልፍ ቆሞ አይተኛም፣ ለሱ የግድ ጋደም ማለት አለበት። ብዙ አይደለም፣ በቀን አንድ ሰዓትም ላይሞላ ይችላል፣ ግን ወለሉ እርጥብ ወይ ቋጥኝ ከሆነበት ስንት ቀን ሳይተኛ ይቆያል፣ ከዛ ቆሞ ሳለ ጉልበቱ ይከዳዋል። የኔ ዳማ ፊት ጉልበቱ ላይ ጠባሳ ነበረው፣ ጋሪ ሲጎትት ወድቆብኝ ነው እል ነበር፣ ለካ ሌሊት ቆሞ እያንቀላፋ ነበር የሚወድቀው። ሌሊት መጠበቅ አያስፈልግህም፣ ጠዋት ስትገባ ጎኑንና ጉንጩን ብቻ እይ። የዳማው ዛሬ ግራ ጎኑ ሙሉ በሙሉ ሰጋቱራ ነበር፣ ጋማው ውስጥም አንድ ጥቅልል ፍቅፋቂ ተሰክቶ አገኘሁት።