በእጀታዋ ጫፍ ያለችው ቀዳዳ

ጥያቄ፦ ከአያቴ በውርስ የደረሰኝ፣ ክዳንና እጀታ ያለው ትልቅ የብር መጠጫ አለ። ከሥሩ የሚራመድ አንበሳ፣ ዘውድ የደፋ የነብር ራስ፣ አንድ የላቲን ፊደልና «ኤች ቢ» የሚሉ ሁለት ፊደላት ታትመውበታል። በእጀታው ታችኛ ጫፍ ትንሽ ቀዳዳ ስላለች አንድ ወዳጄ «ጠጪው መጠጡ ሲያልቅበት የሚያፏጭባት ናት» አለኝ። እኔ ግን ጉድለት መስላኛለች። ላስደፍናት? ሠሪውስ ማን ነው?

መልስ፦ ፈጽሞ አያስደፍኗት። የፉጨቱ ወሬ ለጨዋታ ያምራል እንጂ፣ እጀታው ውስጡ ባዶ በመሆኑ አንጥረኛው ሁለት ጎባጣ ቁራጮች ገጥሞ ሲበይድ በሙቀት የሚሰፋው አየር ብየዳውን እንዳይፈነቅለው የተወለት መውጫ ነው።

አንበሳው ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር መሆኑን፣ የነብሩ ራስ ደግሞ ዕቃው በለንደን መመርመሩን ያመለክታል፤ ዘውዱ እስከ 1821 እ.ኤ.አ. ነበረ። ከ1784 መጨረሻ ጀምሮ የቀረጥ ምልክት የሆነው የንጉሥ ራስ ይታተም ስለነበር፣ እርሱ ከሌለ ዕቃው ከዚያ በፊት የተሠራ ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱ ፊደላት በእጅ ጽሕፈት ቅርጽ ከሆኑ፣ ባሏ ከሞተ በኋላ በ1761 ማኅተሟን ያስመዘገበችውን የለንደን ብር አንጥረኛ ሄስተር ቤትማንን ያስታውሳሉ። ነገር ግን ማኅተሙ ለሥራው ኃላፊ የሆነውን ይናገራል እንጂ መዶሻውን የጨበጠውን እጅ አይናገርም፤ በቤትማን አውደ ጥናትም ልጆቿ አብረዋት ይሠሩ ነበር።

የእጁን ነገር ከብሩ ራሱ ማንበብ ይሻላል። ከሥሩ መካከል እንደ መርፌ ጫፍ ያለች ነጥብ ካለች፣ ዕቃው ከጠፍጣፋ ክብ ብር በመዶሻ ተቀጥቅጦ የወጣ መሆኑን ትጠቁማለች፤ ኮምፓሱ ያረፈው እዚያ ላይ ነውና። ብር ሲቀጠቀጥ ስለሚጠነክር ሠራተኛው ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን ደጋግሞ እያጋለ ያለሰልሰዋል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ፊቱ ልሙጥ በሆነ መዶሻ የምቱን ጠባሳ ያስተካክላል። በጎኑ ላይ ትንፋሽዎን እፍ ይበሉበት፦ ጭጋጉ ውስጥ ቀጥ ያለ የብየዳ መስመር ብቅ ካለ፣ ከተጠቀለለ የብር ሰሌዳ የተሠራ ነው። ይህም በዘመኑ የተለመደ ስለነበር ነቀፋ የለበትም።

በክዳኑ ላይ ያሉትን ማኅተሞችም ከሥሩ ካሉት ጋር ያስተያዩ፤ የማይስማሙ ከሆነ ክዳኑ በኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል። እስከዚያው ድረስ ማኅተሞቹን አጥብቀው አይወልውሏቸው፤ ደጋግሞ የተወለወለ ማኅተም ይደበዝዛልና።