«ገታ» ወይስ «ገታ አደረገ»?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። «ከርብ» (curb) የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ተማሪዎቼ «አሸነፈ»፣ «ተቆጣጠረ»፣ «አስቆመ» እያሉ ይፈቱታል። እኔ «ገታ» እላለሁ። ግን «መንግሥት የዋጋ ንረትን ገታ» ብዬ ስተረጉም «ታዲያ ዋጋው ለምን ይጨምራል?» ብለው ያፋጥጡኛል። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ መምህር፣ እርስዎ በቃሉ ምርጫ፣ ተማሪዎችዎም በጥያቄያቸው ልክ ናችሁ።

«ከርብ» መነሻው የፈረስ ዕቃ ነው። ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን፣ የሥሩ ፍቺ ማጉበጥ፣ ማጠፍ ነው። ከልጓሙ ጋር ተያይዞ በፈረሱ አገጭ ሥር የሚያልፈው ጠፍር ወይም ሰንሰለት በዚህ ስም ይጠራል፤ ዛቡ ሲሳብ አገጩን ይጫነዋል።

እዚያው ከተማችሁ ቁልቁለት ላይ ባለጋሪ ሲወርድ ልብ ብለው ይመልከቱ። ጭነቱ ከኋላ ሲገፋው ፈረሱ ሊሮጥ ይዳዳዋል። ባለጋሪው ዛቡን ሳብ ያደርጋል፤ የፈረሱ አንገት ይታጠፋል፣ አፉ ከፈት ይላል፣ ኮቴው ይዘገያል። መሄዱን ግን አይተውም። «ከርብ» ማለት ይኸው ነው።

ስለዚህ «አሸነፈ» አይሆንም፤ የተሸነፈ ነገር አብቅቶለታል። «ተቆጣጠረ»ም ሰፊ ነው፤ ከተማ መያዝንም፣ ተፈታኞችን መጠበቅንም ይጨምራል። «ገታ» ከሁሉም ይቀርባል፤ እኛም ፈረስን እንገታለን፣ አንደበትን እንገታለን። «ቁጣውን ገታ» ብንል ማንም ቁጣው ጠፋ ብሎ አይረዳንም፤ ውስጡ እንዳለ ተይዟል።

ችግሩ የሚመጣው እንደ ዋጋ፣ እንደ ወረርሽኝ ባሉት ላይ ነው። «ወረርሽኙ ተገታ» ሲባል አማርኛ ሰሚ ቆመ ብሎ ይሰማል። እንግሊዝኛው ግን ጋብ አለ ማለቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። የዋጋ ንረት ረገበ ማለትም ጭማሪው ዘገየ ማለት እንጂ ዋጋው ቀነሰ ማለት አይደለም። ተማሪዎችዎ የያዙት ይህንን ነው።

መፍትሔው ከባለጋሪው እጅ ላይ አለ። ዛቡን «ሳበ» አላልንም፤ «ሳብ አደረገ» ነው ያልነው። ሳብ፣ ረገብ፣ ቀነስ፣ ገታ እያልን «አደረገ»ን ስናስከትል የድርጊቱን ልክ እናሳንሳለን። እንግሊዝኛ ለዚህ ተጨማሪ ቃል ይፈልጋል፤ እኛ በግሱ ቅርጽ እንጨርሰዋለን። በትርጉም ሥራ ይህን ሀብታችንን እየዘነጋን በደረቁ «ገታ»፣ «አስቆመ» ስንል ማየት ያሳዝነኛል።

እንግዲህ በክፍል ውስጥ፦ ለዋጋው «ንረቱን ገታ አደረገው» ወይም «አረገበው» ይበሉ። ወጪ ላይ ከሆነ «ለወጪው ልጓም አበጀለት» ያምራል፤ ምስሉም ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ነው። ሰው ፍላጎቱን ሲይዝ ደግሞ «ራሱን ገዛ» የሚለውን አይተዉት።