እንግሊዝ ከኅብረቱ ስትወጣ ቀረጡ በማን ላይ ይወድቃል?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከደሴ ነው። ጋቢና የአንገት ልብስ አሸምኜ ለአንድ የለንደን ገዢ እልካለሁ። እሱ ከመጋዘኑ ወደ ጀርመን ያከፋፍላል። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ «ጀርመን ቀረጥ አስከፈለችኝ» እያለ ከቀሪው ክፍያ ላይ ይቀንስብኛል። ሁኔታው ስለተለወጠ ውሉ ፈርሷል? መላኩን ላቁም?

መልስ፦ አብሽሩ፣ ውሉ አልፈረሰም። ወሬ ሰምተው ጭነት እንዳያቆሙ ግን አደራ።

ሕጉ ባጭሩ ይህ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው (ቁ. 1731)፤ መፈጸሙ ስለከበደ ብቻ ዳኛ አይለውጠውም (ቁ. 1764)። ከአቅም በላይ የሚባለው ሊገመት የማይችልና መፈጸምን ጨርሶ የሚያግድ ነገር ነው (ቁ. 1792)። ውሉ በእንግሊዝ ሕግ የሚገዛ ቢሆንም ብዙ አይለይም፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በዚሁ መውጣት ሰበብ ከለንደን ቢሮው የ25 ዓመት ኪራይ ነፃ ልሁን ብሎ እ.ኤ.አ. በ2019 ተረትቷል።

አሁን ወዳልነገሩኝ ነገር ልምጣ። ውሉ መቼ ተፈረመ? ሕዝበ ውሳኔው የተካሄደው እ.ኤ.አ. ሰኔ 2016 ነው፤ አገሪቱ የወጣችው ጥር 31 ቀን 2020፣ የሽግግሩ ጊዜ ያበቃው በዚያው ዓመት መጨረሻ። ከሕዝበ ውሳኔው በኋላ ከፈረማችሁ እርስዎም ሆኑ ገዢው «ዱብ ዕዳ ነው» ማለት አትችሉም። ደግሞም «ቀሪው ክፍያ» ብለዋል። እንግዲያው ቅድሚያ ክፍያ ወስደዋል ማለት ነው። ይህን መጀመሪያ መንገር ነበረብዎት፤ ገንዘብ ተቀብሎ ጭነት ያቆመ ሰው በዳይ የሚባለው እሱ ነው፣ ቅድሚያውን ከነኪሳራው ሊጠየቅ ይችላል።

ላኪዎች ደጋግመው የሚሳሳቱት ግን የማስረከቢያው ቃል ላይ ነው። ኢንቮይሱን ያውጡና ከዋጋው አጠገብ ያሉትን ሦስት ፊደላትና የከተማውን ስም ያንብቡ። «ኤፍኦቢ ጅቡቲ» ከሆነ ኃላፊነትዎ ዕቃው መርከብ ላይ ሲጫን ያበቃል፤ የማስገቢያ ቀረጥ፣ የእንግሊዝም ሆነ የጀርመን፣ የገዢው ነው። «ዲዲፒ ለንደን» ከሆነ የእንግሊዝ ቀረጥና ታክስ በእርስዎ ላይ ነው፣ የጀርመኑ ግን አይደለም፤ ማስረከቢያው ለንደን ነዋ! «ዲዲፒ ሃምቡርግ» ከሆነ ገዢው ልክ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የድሮውን ኢንቮይስ እየገለበጠ ስለሚሠራ ውሉ አንድ፣ ኢንቮይሱ ሌላ ይላል። ያን ጊዜ ክርክሩ ይጦዛል።

ቀረጡ ከየት እንደመጣም ይወቁ። የኢትዮጵያ ዕቃ የመነሻ አገር ደንቡን፣ ማለትም በእርግጥ የኢትዮጵያ ምርት ነው የሚያሰኘውን መስፈርት፣ ካሟላ ወደ ኅብረቱም ወደ እንግሊዝም ያለ ቀረጥ ይገባል፤ እንግሊዝ ከ2023 ጀምሮ የራሷ የታዳጊ አገሮች መርሐ ግብር አላት። ነገር ግን አንዴ የለንደን ጉምሩክ ተፈጽሞበት ገበያ የገባ ጋቢ ወደ ጀርመን ሲሻገር የኢትዮጵያን መብት ይዞ አይሻገርም። መብቱ የሚጠበቀው ዕቃው ለንደን ላይ በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር ሳይለወጥ ከቆየ ነው። መጋዘኑንና መንገዱን የመረጠው ማን ነው? ገዢው ከሆነ፣ ወጪውም የምርጫው ውጤት ነው ብለን እንከራከራለን። ለወደፊቱ የጀርመኑን ድርሻ ለይቶ በቀጥታ ሃምቡርግ መላክ ይቻላል፤ ከ6,000 ዩሮ በላይ ለሆነ ጭነት ግን የመነሻ መግለጫውን መስጠት የሚችለው በኅብረቱ የላኪዎች መዝገብ፣ በሬክስ፣ የተመዘገበ ላኪ ብቻ ነው።

እስካሁን የተቀነሰውን ዝም ብለው ተቀብለዋል? ወይስ በኢሜይል «እሺ፣ ችግር የለም» ብለዋል? በሕጋችን በልዩ ፎርም፣ ለምሳሌ በጽሑፍ፣ የተደረገ ውል የሚሻሻለው በዚያው ዓይነት ፎርም ነው (ቁ. 1722)፤ ሆኖም ተደጋጋሚ ዝምታ በማስረጃነት ይመዘዝብዎታል። ዛሬውኑ በጽሑፍ «ቅናሹን አልተቀበልኩም፣ መብቴ እንደተጠበቀ ነው» ይበሉ። ስድብም፣ «ውሉ ፈርሷል» የሚል ቃልም አይጨምሩበት። ረቂቁን ከመላክዎ በፊት ጠበቃ ይየው።

ክርክሩ የት እንደሚታይም ይመልከቱ። የለንደን ፍርድ ቤት ፍርድ እዚህ አገር የሚፈጸመው በእንካ ለእንካ መርህ፣ ማለትም እነሱም የእኛን ፍርድ የሚፈጽሙ ከሆነ፣ ነው (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ቁ. 458)፤ ይህም አስቸጋሪ ነው። የግልግል ዳኝነት ስምምነት ካለ ግን ኢትዮጵያ በ2020 የውጭ አገር የግልግል ፍርድ እንዲፈጸም የሚያደርገውን የኒውዮርክን ስምምነት ተቀብላለች፤ ከኅብረቱ መውጣትም ይህን አልነካውም።

ለጠበቃዎ ይዘው የሚሄዱት፦ ውሉን ከነአባሪው፣ እያንዳንዱን ኢንቮይስ፣ የባንክ ማስተላለፊያ፣ የመነሻ መግለጫ፣ የመርከብ ሰነድ፣ ኢሜይልና የስልክ መልእክት ሁሉ። ገዢውን የጀርመን ጉምሩክ ደረሰኝ ይጠይቁት፤ ደረሰኝ ካላሳየ የቀነሰው በግምት ነው። የመጀመሪያው ቅናሽ የተደረገበትን ቀንም ይለዩ። በእኛ ሕግ የይርጋ (የክስ ማቅረቢያ) ጊዜው በመርህ 10 ዓመት ሲሆን በእንግሊዝ ሕግ ግን 6 ዓመት ነው፤ በ2021 የተቀነሰ ገንዘብ ካለ ጠበቃ ጋ ለመሄድ ወር አይጠብቁ።