ሶፍትቦል ማሰልጠን ሥራዬ ነው ለምትሉ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ ሶፍትቦል አሰልጣኝ ለመሆን ለምታስቡ ነው። ሶፍትቦል ቤዝቦልን የሚመስል፣ ከታች የሚወረወር ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ ነው። አንዳንዶቻችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሚኒያፖሊስ ተወልዳችሁ፣ ወላጆቻችሁ የጨዋታውን ሕግ ሳያውቁት እንኳ ቅዳሜና እሁድ ሜዳ ዳር እየቆሙላችሁ ያደጋችሁ ናችሁ። ለእናንተም ለእነሱም ይጠቅም ዘንድ ነገሩን ከሥሩ እጀምራለሁ።

ብዙ ሰው ይህን ሙያ የሚያውቀው በሜይ መጨረሻና በጁን መጀመሪያ ኦክላሆማ ሲቲ ላይ ከሚደረገው የሴቶች ኮሌጅ ወርልድ ሲሪስ ነው። ሙሉ ስታዲየም፣ ቴሌቪዥን፣ ዋንጫ። ውድድሩን 64 ቡድኖች ይጀምሩታል፤ ኦክላሆማ ሲቲ የሚደርሱት ስምንት ብቻ ናቸው። ነገር ግን የአሰልጣኝ ችሎታ የሚለካው እዚያ አይደለም፤ በኖቬምበር ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ማንም በማያይበት ልምምድ ላይ ነው። ጨዋታ ማንበብን፣ ምልመላን፣ ንግግርን በኋላ ትደርሱበታላችሁ። በመጀመሪያ አንድ የልምምድ ቀን በደቂቃ ከፋፍላችሁ ማዘጋጀትን ተማሩ።

ምክንያቱ ሰዓት ነው። በውድድር ወቅት የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር (NCAA) ሕግ አንዲት ተጫዋች ከእናንተ ጋር በሳምንት ከ20 ሰዓት፣ በቀን ከአራት ሰዓት በላይ እንዳትሠራ ይከለክላል፤ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀንም ታርፋለች። ከ20ው ሰዓት ላይ ጨዋታው፣ የክብደት ሥራውና የቪዲዮ ስብሰባው ሲቀነስ ለሜዳ ልምምድ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ያቺን ጥቂት ሰዓት ያባከነ አሰልጣኝ ከየትም አያመጣትም።

የብዙ ጀማሪዎች ልምምድ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። አንዷ ትመታለች፣ አንዱ ይወረውርላታል፣ 18ቱ ሜዳ ላይ ተበትነው ኳስ ይጠብቃሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ እያንዳንዷ የመታችው ምናልባት 15 ኳስ ነው። በዚህ ፈንታ 20 ተጫዋቾችን በአምስት በአምስት ለአራት ቦታ ክፈሏቸው። አንደኛው ቡድን ከቋሚ ማስቀመጫ ላይ ኳስ ይምታ፤ ሁለተኛው ከመከላከያ መረብ ጀርባ ከቅርብ ርቀት የሚወረወርለትን ይምታ፤ ሦስተኛው በማሽን የሚተኮሰውን፤ አራተኛው ቀስ ብሎ ኳስ ማስቀመጥን፣ ባንት የምንለውን፣ ይለማመድ። ለእያንዳንዱ ቦታ 8 ደቂቃ፣ ለመቀያየር 1 ደቂቃ። በ36 ደቂቃ ውስጥ ሁሉም በአራቱም ያልፋሉ፤ ማንም ቆሞ አይውልም። ሥራው እንዳይደናቀፍ ግን ኳሱ አስቀድሞ በየባልዲው መቀመጥ አለበት። በየሦስት ደቂቃው ኳስ ለመልቀም ሥራ የሚቆም ከሆነ ዕቅዳችሁ ወረቀት ላይ ብቻ ያማረ ነበር ማለት ነው።

ከምትም በፊት ግን መወርወርና መያዝ አለ። አሰልቺ ስለሚመስል ብዙዎች እንደ ማሟሟቂያ ብቻ ያልፉታል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው፤ በኮሌጅ ደረጃ ብዙ ጨዋታ የሚጠፋው በተበላሸ ውርወራ ነውና። ለምን እንደሆነ ቁጥሩ ይናገራል። ከቤዝ እስከ ቤዝ፣ ማለትም ሯጯ ከምትረግጠው አንዱ ማረፊያ እስከ ቀጣዩ፣ 60 ጫማ፣ 18.29 ሜትር ነው። ፈጣን ግራኝ መቺ ኳሱን ነክታ አንደኛ ቤዝ ለመድረስ 2.8 ሰከንድ አካባቢ ይበቃታል፤ ቀኟ ብዙውን ጊዜ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅባታል። ሾርትስቶፗ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የምትከላከለው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ወደ ኳሱ መሮጥ፣ መያዝ፣ ኳሱን ከጓንት ወደ እጅ ማዛወርና መወርወር አለባት። ኳሱ ከደረት ከፍታ ወጥቶ አንደኛ ቤዝ ላይ ያለችውን ካስዘለላት ሯጯ ደርሳለች። ስለዚህ በየቀኑ 15 ደቂቃ ለውርወራ ስጡ፤ መጀመሪያ በእጅ አንጓ ብቻ፣ ቀጥሎ በጉልበት ተንበርክከው፣ ከዚያ ቆመው፣ በመጨረሻ እየሮጡ። ሁልጊዜም ሰዓት መያዣ በእጃችሁ ይሁን። «ፍጠኚ» የሚለው ጩኸት ምንም አያስተምርም፤ «3.1 ነበር፣ 2.8 ያስፈልገናል» የሚለው ያስተምራል።

አሁን ወደ ፒቸሯ፣ ወደ ወርዋሪዋ እንምጣ። እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ብዙ ልጆች የሚጎዱት በዚህ በኩል ስለሆነ ነው። ፒቸሯ የምትቆመው ከመቺዋ 43 ጫማ፣ ማለትም 13.11 ሜትር ርቃ ነው። በሰዓት 70 ማይል፣ 113 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ስትወረውር ወደፊት ተራምዳ ስለምትለቀው ኳሱ ለመድረስ ከ0.4 ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። መቺዋ የምትወስነው የጉዞው ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ነው። ታዲያ ወጣት ፒቸሮች ሁሉ ወደ ላይ የሚነሳ፣ የሚወርድ፣ ወደ ውጭ የሚታጠፍ፣ ወደ ውስጥ የሚገባና የሚዘገይ፣ አምስት ዓይነት ኳስ በአንድ ክረምት መማር ይፈልጋሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኼኔ ነው። ፈጣኑን ኳስ ከአሥር ሰባቱን ካቸሯ፣ ከመቺዋ ጀርባ ሆና ኳሱን የምትይዘው፣ ጓንቷን ባስቀመጠችበት ቦታ እስክታደርስ ድረስ ሌላ አትጨምሩላት። ሁለተኛው የምታስተምሯት የሚዘገየውን ይሁን፤ ከፈጣኑ ከ10 እስከ 15 ማይል የሚቀንስና በእጅ አወራወሯ ግን የማይለይ። እጇ ሲዘገይ ከታየ መቺዋ አውቃዋለች፤ ያ ኳስ ከአጥሩ ውጭ ይገኛል።

«ከታች የሚወረወር ኳስ ትከሻ አይጎዳም» የሚለውን አትመኑ። ክንዱ ሙሉ ክብ ሲዞር በትከሻው ፊት ለፊትና በሁለት ራስ ጡንቻው ጅማት ላይ የሚያርፈው ጫና ከላይ ከሚወረወረው ጋር የሚወዳደር ነው። በኮሌጅ ሶፍትቦል የውርወራ ብዛትን የሚገድብ ሕግ ስለሌለ ገደቡ እናንተ ናችሁ። የጨዋታውን ብቻ ሳይሆን የማሟሟቂያውንና የልምምዱንም ውርወራ በደብተር ቁጠሩ። የድካም ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ እርምጃዋ ያጥራል፣ ወገቧ ወደፊት ይጎብጣል፣ መውረድ የነበረበት ኳስ በወገብ ከፍታ ይንሳፈፋል። ፍጥነቷ በሦስት ማይል ከቀነሰ አውጧት፤ ደህና ነኝ ብትልም። ደግሞም ሁልጊዜ ደህና ነኝ ትላለች። ቡድኑ በአንዲት ፒቸር ላይ ከቆመ ጥፋቱ የምልመላ ነው፤ ዋጋውን ግን የምትከፍለው እሷ ናት።

ስለ ምልመላ። አሰልጣኝ ከአንዲት ተማሪ ጋር ስለ ዩኒቨርሲቲው መነጋገር የሚፈቀድለት ልጅቷ 11ኛ ክፍል ከገባች በኋላ፣ ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ነው። ይህ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2018 ከመውጣቱ በፊት የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ ለዩኒቨርሲቲዎች ቃል ይገቡ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ መመልከት ትችላላችሁ። ስትመለከቱም ዓይናችሁን ከምቱ ላይ አንሱ። ሦስት ጊዜ ስታ ከወጣች በኋላ ወደ መከላከያ ቦታዋ እንዴት ትሄዳለች? ኳስ ወደ እሷ ባልመጣ ጊዜ ጓደኛዋን ለማገዝ ከጀርባ ትሮጣለች? ውኃ የምታቀብላትን እናቷን እንዴት ታናግራለች? ከዚያ ከማንኛውም ቪዲዮ በፊት የትምህርት ውጤቷን ጠይቁ፤ ዩኒቨርሲቲው የማይቀበላትን ልጅ ለአንድ ዓመት ተስፋ መስጠት ግፍ ነው።

ስለ ገንዘቡም እውነቱን ንገሩ። በታላቁ የኮሌጅ ምድብ (ዲቪዚዮን 1) ለረጅም ጊዜ አንድ ቡድን የነበረው 12 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበር፤ ያው ለ20 እና ከዚያ በላይ ተጫዋቾች ይቆራረሳል። ስለዚህ ብዙዎቹ ያገኙት የነበረው ከፊሉን ነበር። ከ2025 ጀምሮ አዲሱን አሠራር በተቀበሉ ትምህርት ቤቶች የስኮላርሺፕ ቁጥሩ ገደብ ተነስቶ የተጫዋቾች ብዛት 25 ላይ ተገድቧል። በእኛ ማኅበረሰብ «ልጄ ስኮላርሺፕ አገኘች» ሲባል ሁሉም ነገር የተከፈለ ይመስላል። ወላጆች ሆይ፣ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነና ልጅቷ ብትጎዳ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ጠይቁ። እናንተም አሰልጣኝ ስትሆኑ ሳትጠየቁ ጻፉላቸው።

25 ተጫዋች ማለት ደግሞ በአንድ ጨዋታ 15ቱ በተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ ማለት ነው። ቡድን የሚበሰብሰው ከዚያ ወንበር ይጀምራል። ውድድሩ በፌብሩዋሪ ስለሚከፈት በጃንዋሪ እያንዳንዷን ለብቻ ጥሩና ቦታዋን በግልጽ ንገሯት፦ «ዘንድሮ የምንፈልግሽ ለሩጫ ነው»፣ «ከፊትሽ ሁለት ሰው አለ፤ ለመግባት ይህን ማሻሻል አለብሽ»። ታለቅስ ይሆናል። ግን ስሟ አለመኖሩን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ካወቀች፣ ያኔ ያጣችሁት እምነቷን ነው፤ ከ2018 ወዲህ ደግሞ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የመዛወሪያው በር በጣም ሰፊ ነው።

ስለ ጨዋታ ቀን ብዙ አልጽፍም፤ ሁለት ነገር ብቻ። የተሰላፊዎችን ዝርዝር ለዳኛ ከመስጠታችሁ በፊት ከነጥብ መዝጋቢያችሁ ጋር ስምና ቁጥር እያነበባችሁ አመሳክሩ፤ ተራዋን የሳተች መቺ ተቃራኒው ቡድን አቤት ካለ አንድ ሰው ከተራው እንዲወጣባችሁ (አውት እንዲሆን) ታደርጋለች። ሦስተኛው ቤዝ አጠገብ ቆማችሁ ሯጭ ነጥብ ወደሚቆጠርበት ወደ ሆም ፕሌት ስትልኩ ደግሞ ኳሱን ብቻ አትዩ። የውጭ ተከላካይዋ ኳሱን ከማንሳቷ በፊት ሯጯ ሦስተኛውን ከረገጠች ላኳት፤ ካልሆነ አቁሟት፤ በተለይ ገና ማንም አውት ሆኖ ሳይወጣ።

መንገዱ ረጅም ነው፤ ታላላቆቹን ተመልከቱ። ማይክ ካንድሪያ በ1986 አሪዞና ዩኒቨርሲቲን ከመያዛቸው በፊት በሁለት ዓመት ኮሌጅ ያሠለጥኑ ነበር፤ ከስምንቱ ዋንጫዎቻቸው የመጀመሪያው በ1991 መጣ። ፓቲ ጋሶም የተነሱት ከሎንግ ቢች ሲቲ ኮሌጅ ነው። በ1995 ኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሱ ቡድኑ የሚጫወተው በከተማው መናፈሻ ሜዳ ላይ ነበር። በ2000 ዋንጫ አነሱ፤ ሁለተኛው ግን እስከ 2013 አልመጣም። እነዚያ 13 ዓመታት ሰው የማያወራላቸው ዓመታት ናቸው፤ ከ2021 እስከ 2024 ያለው የአራት ተከታታይ ዋንጫ ግን ያለ እነሱ አይታሰብም። በሚሺገን ካሮል ሀቺንስ በ1985 ዋና አሰልጣኝ ሆነው ዋንጫውን ያነሱት በ2005 ነው፤ በሦስተኛው የፍጻሜ ጨዋታ፣ በ10ኛው ዙር (ኢኒንግ)። ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ ያለ ትምህርት ቤት ያን ዋንጫ ሲያነሳ ያ የመጀመሪያው ነበር። በየካቲት ሜዳቸው በረዶ ለብሶ ሳለ የፀሐይ አገር ልጆችን ማሸነፍ ምን ያህል ትዕግሥት እንደጠየቀ አስቡት።

ስለዚህ ከትንሽ ቦታ ለመጀመር አትፈሩ። ሁለተኛ ዲግሪያችሁን እየተማራችሁ በረዳትነት የምትሠሩበት የሁለት ዓመት ዕድል ካገኛችሁ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ከልምምዱ የትኛው ክፍል የእኔ ይሆናል?» መልሱ ልብስ ማጠብና ካሜራ መያዝ ብቻ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ልብሱን እጠቡ፣ ካሜራውንም ያዙ፤ ነገር ግን በቀን 20 ደቂቃም ቢሆን የምታዘጋጁትና የምትመሩት ሥራ ይኑራችሁ። የሁለት ዓመት ኮሌጅ ለዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ነው፤ ሰው ስለሌለ አፈሩን የምታጠጡትም፣ አውቶቡሱን የምታስይዙትም፣ ፒቸሯን የምታሠለጥኑትም እናንተ ናችሁ።

እንደዚያ ያለ ሥራ ባገኛችሁ የመጀመሪያ ቀን፣ ተጫዋቾቹ ሳይመጡ ሜትር ይዛችሁ ሜዳው ላይ ውጡ። ከሆም ፕሌት የኋላ ጫፍ እስከ ፒቸሯ መቆሚያ የፊት ጠርዝ 13.11 ሜትር መሆኑን ለኩ። ከዚያው ጫፍ እስከ ሁለተኛው ቤዝ መሃል 25.86 ሜትር ሊሆን ይገባል። መቆሚያው በአንድ ጫማ ተዛብቶ ከተተከለ ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ የምትለማመደው ሌላ ሜዳ ላይ የማይሠራ ውርወራ ነው። ከተዛባ አካፋ ፈልጉና ከልምምዱ በፊት አስተካክሉት።