ሉቃስ ጠያይቆ ከጻፈ፣ ወንጌሉ የእግዚአብሔር ቃል ነው?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ጨርቅ እሸጣለሁ። ከጎኔ የምትነግደው ጓደኛዬ ሙስሊም ናት፤ እንደ እህት ነን። በቀደም ከሰዓት ሙቀቱ በርትቶ ገበያተኛ ሲጠፋ ወሬ ወሬን አመጣና «የእኛ ቁርኣን ቃል በቃል ከአላህ የወረደ ነው፤ የእናንተን ግን ሰዎች ናቸው የጻፉት» አለችኝ። እኔም መምህራችን እንዳስተማረን «የለም፣ የእኛንም እግዚአብሔር እያንዳንዱን ቃል እየነገራቸው ነው የጻፉት» አልኳት። ማታ ቤቴ ገብቼ የሉቃስን ወንጌል ከመጀመሪያው ሳነብ ደነገጥኩ። ራሱ ሉቃስ ነገሩን ተከታትዬ ጻፍኩ ይላል! ታዲያ ጓደኛዬ ልክ ናት ማለት ነው? እባክዎ ስሜን አያውጡት። ከሳቢያን።

መልስ፦ ልጄ፣ በትክክል ነው ያነበብሽው። ሉቃስ «ጌታ ተናገረኝና ጻፍኩ» አይልም። ከእሱ በፊት ብዙዎች እንደጻፉ፣ ነገሩም በዓይናቸው ካዩት ሰዎች እንደተላለፈ፣ እሱም ከመጀመሪያው በጥንቃቄ ተከታትሎ በተራ ሊጽፍ እንደወደደ ለቴዎፍሎስ ይነግረዋል። ይህን ከወንጌሉ አናት ላይ ያስቀመጠው ራሱ ነው። ሊደብቀው አልፈለገም፤ እኛም ልናፍርበት አይገባም።

እኔ የሠራሁት እዚያው እናንተ ከተማ፣ ምድር ባቡር መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ጸሐፊ ነበርኩ። ስለዚህ ቃለ ጽሕፈት ምን እንደሆነ ጣቶቼ ያውቁታል። አለቃ ይናገራል፣ ጸሐፊዋ ትጽፋለች። ከእሷ የሚፈለገው ጆሮና እጅ ነው። ደብዳቤው ላይ የእሷ ጠባይ አይታይም፤ ሌላ ሰው ቢጽፈውም ያው ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ስታነቢ ግን ሰዎቹ ይታዩሻል። ማርቆስ ይቸኩላል፤ «ወዲያውም» እያለ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሻገራል። ዮሐንስ አንድ ንግግር ላይ ረጋ ብሎ ይቆያል። አሞጽ እረኛ ነበርና ሲቆጣ እንኳ ከአፉ የሚወጣው አንበሳና በግ፣ ነዶ የጫነ ሰረገላ ነው።

ጳውሎስ ዘንድ ደግሞ ይብሳል። በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 1 ላይ ከቀርስጶስና ከጋይዮስ በቀር ማንንም አላጠመቅሁም ይላል። ወዲያው የእስጢፋኖስን ቤተሰብ ያስታውሳል። ቀጥሎ ሌላም አጥምቄ እንደሆነ አላውቅም ይላል። እግዚአብሔር ቃል በቃል እያስጻፈው ቢሆን ኖሮ ይህ መርሳት የማን ሊሆን ነው? በምዕራፍ 7 ስለ ደናግል ሲጽፍ የጌታ ትእዛዝ የለኝም፣ ምክሬን ግን እሰጣለሁ ይላል። ለጢሞቴዎስ ደግሞ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት ይልካል። ይህን ጥቅስ ሳነብ እስር ቤት ያለ፣ ክረምት ሳይገባ ልብሱን የሚፈልግ ሰው ይታየኛል።

ሮሜ 16፥22ን ደግሞ እንደ ጸሐፊነቴ ከሁሉም አስበልጬ እወደዋለሁ። «ይህን መልእክት የጻፍሁ እኔ ጤርጥዮስ» ይልና ሰላምታውን ያቀርባል። ጳውሎስ ሲናገር ብዕሩን የያዘው እሱ ነበር። እኔ በአለቃዬ ደብዳቤ ውስጥ የራሴን ሰላምታ ላስገባ አልደፍርም ነበር። ጤርጥዮስ አስገባ፣ ጳውሎስም ተወለት፣ ቤተ ክርስቲያንም ይኸው እስከ ዛሬ ታነበዋለች።

«ታዲያ እግዚአብሔር ያስጻፈው የለም?» እንዳትዪኝ። መጽሐፉ እንዲህ ያለ ነገር ሲኖር ራሱ ይናገራል። የሙሴ ጽላቶች በእግዚአብሔር ጣት እንደተጻፉ ዘጸአት 31 ላይ አለ። ኤርምያስ 36ን ደግሞ ሙሉውን አንብቢው። ነቢዩ ይናገራል፣ ባሮክ በቀለም ይጽፋል። ንጉሡ ኢዮአቄም እሳት ፊት ተቀምጦ ጥቅልሉ ሲነበብለት እየቆረጠ ያቃጥለዋል። ኤርምያስ ከባሮክ ጋር እንደገና ያስጽፋል። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በይ፦ ሁለተኛው ላይ እንደ ቀድሞው ያለ ብዙ ቃል ተጨመረበት ይላል። የእግዚአብሔር ቃል ተቃጠለ፣ እንደገና ተጻፈ፣ ጨመረም። ማንም ግን «ፊደሉ ተለወጠ» ብሎ አልተጨነቀም።

ጓደኛሽ አንድ ቀን አራቱ ወንጌሎች ለምን ቃል በቃል አይገጥሙም ትልሽ ይሆናል። እውነት ነው፣ አይገጥሙም። በመስቀሉ ላይ የተጻፈውን እንኳ ማርቆስ «የአይሁድ ንጉሥ» ብሎ ያሳጥረዋል፤ ዮሐንስ «የናዝሬቱ ኢየሱስ» የሚለውን ይጨምርበታል። ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ገና በመጀመሪያው ስብከቱ ይህን አንስቷል። በጊዜም በቦታም በቃልም አንድ ቢሆኑ ኖሮ ጠላቶች «ተመካክረው ነው የጻፉት» ይሉ ነበር ይላል። ለእሱ ልዩነቱ የእውነተኛነታቸው ምስክር ነው። ለእኔም እንደዚያው ነው።

እንግዲህ እግዚአብሔር የት ላይ ነው? 2ኛ ጴጥሮስ 1፥21 ቅዱሳን ሰዎች በመንፈስ ቅዱስ ተነድተው ተናገሩ ይላል። የተነዱት ሰዎች ናቸው፤ አእምሯቸው፣ ትዝታቸው፣ ቁጣቸው ሁሉ አብሮ ተነዳ። የሉቃስ መጠያየቅ ራሱ የመንፈስ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። እግዚአብሔር ሰውን ዝም አሰኝቶ መናገር አላስፈለገውም።

ጓደኛሽ ስለ ቁርኣን የነገረችሽ እምነቷ ነው፣ አክብሪላት። ሐረር ስትመጪ ጁገል ውስጥ ራስ ተፈሪ ቤት ያለውን ሙዚየም ግቢና በእጅ የተጻፉትን ቁርኣኖች እዪ፤ ለቃሉ ምን ያህል እንደሚጠነቀቁ ይገባሻል። ግን በእሷ መስፈሪያ የእኛን ለመስፈር አትሞክሪ። እሷ የእግዚአብሔር ቃል ወረደ ስትል መጽሐፍ ማለቷ ነው። እኛ ቃል ወረደ ስንል «ቃልም ሥጋ ሆነ» ማለታችን ነው፤ የወረደው ክርስቶስ ነው። ወንጌል የጻፉት ያዩትና የሰሙት ምስክሮች፣ እንደ ሉቃስም ካዩት የተቀበሉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ «የእናንተን ሰዎች ናቸው የጻፉት» ካለችሽ «አዎ፣ ሰዎች ጻፉት፣ እግዚአብሔር ነድቷቸው» በያት። ሁለቱንም ሳትፈሪ በያት።

መምህርሽን ደግሞ በክፉ አትያዢው። ጥንትም እንደ እሱ የተናገሩ ነበሩ። በ2ኛው መቶ ዓመት ለክርስትና ይሟገት የነበረው ጸሐፊ አቴናጎራስ መንፈስ ነቢያትን ነፊ ዋሽንቱን እንደሚነፋ ነፋቸው ብሏል። ዛሬ ግን ካቶሊኮች በቫቲካን ጉባኤያቸው በ1965 እ.ኤ.አ. ሰዎቹን እውነተኛ ደራሲዎች ብለዋቸዋል። በ1978 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ የተሰበሰቡ ወንጌላውያን ፕሮቴስታንቶች እንኳ፣ ቃላቱን እግዚአብሔር መርጧል እያሉ የጸሐፊዎቹን ጠባይ ግን አልሻረም ብለው ጽፈዋል። ሉቃስ 1፥1-4ን ይዘሽ ሂጂና አብራችሁ አንብቡት። ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ።