በመዋኛ ገንዳ ዙሪያ የሰመጠ ንጣፍ ድንጋይ

ከቱሉ ዲምቱ የጻፉልን አንባቢ ችግራቸውን እንዲህ ያስረዳሉ። በግቢያቸው ጓሮ 8 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ መዋኛ ገንዳ ካሠሩ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ዙሪያው 40 በ40 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጥርብ ድንጋይ ተነጥፏል። በፓምፕ ቤቱ በኩል ያለው ማዕዘን፣ ወደ 6 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ስፍራ፣ ካለፈው ክረምት ወዲህ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ሰምጦ ውሃ ያቁራል። የልጅ ልጃቸው በዚያው ጠርዝ ተደናቅፋ ጉልበቷ ተልጧል። አንድ ግንበኛ «ኮንክሪት እናፍስበትና እንገላገል» ስላላቸው፣ ምክሩን ይቀበሉት እንደሆነ ይጠይቃሉ።

አይቀበሉት። ኮንክሪቱ ለአንድ በጋ ያማረ መስሎ ይታይዎታል እንጂ፣ ከሥሩ ያለውን ባዶ ስፍራ አይሞላም፤ ይልቁንም በደከመው መሬት ላይ ተጨማሪ ክብደት ይጭናል። ሲሰነጠቅም ድንጋዩንና ኮንክሪቱን አንድ ላይ ፈልፍሎ ማውጣት ይጠይቃል፣ ያኔ ደህና የነበረውም ድንጋይ ይሰበራል። ዛሬ ያለዎት ንጣፍ ትልቁ ጥቅሙ ተነሥቶ ተመልሶ መቀመጥ መቻሉ ስለሆነ፣ ይህን ጥቅም በገዛ ገንዘብዎ አያጥፉት።

ከሁሉ በፊት የትኛው ረድፍ እንደሰመጠ ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። ከውሃው አጠገብ ያለው የመጀመሪያው ረድፍ ብዙውን ጊዜ በገንዳው ግድግዳ ላይ ስለተቀመጠ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚሰምጠው ከሁለተኛው ረድፍ ጀምሮ ያለው ነው፤ የልጅቷን እግር የያዘው ጠርዝም በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተፈጠረው ሳይሆን አይቀርም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገንዳ ሲቆፈር ግንበኛው ከግድግዳው ጀርባ ቆሞ የሚሠራበት ቦታ ስለሚያስፈልገው፣ ጉድጓዱ ከግድግዳው ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ሰፍቶ ይቆፈራል። ሥራው ሲያልቅ ያ ክፍተት መሞላት አለበት፤ የሚሞላው ደግሞ በአመዛኙ እዚያው ተቆፍሮ በወጣው አፈር ነው፣ የብሎኬት ስብርባሪ፣ የሲሚንቶ ከረጢትና የሳንቃ ቁራጭ ሳይቀር ተቀላቅሎበት። በየንብርብሩ እየተጠቀጠቀ መሞላት ሲገባው፣ በአካፋ በአንድ ጊዜ ተገፍቶ ከገባ በኋላ ሠራተኞቹ ትንሽ ሲረግጡት «ጠነከረ» ይባላል። እንዲህ ያለ ሙሌት ለዓመታት በራሱ ክብደት እየተጫነ ይወርዳል።

በእናንተ አካባቢ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ከአቃቂ ጀምሮ ወደ ቢሾፍቱ የሚዘረጋው ሜዳ አብዛኛው ጥቁር መረሬ አፈር ነው። መረሬ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ይኮማተርና እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የንጣፍ መንቀሳቀስ ሁለት ዓይነት ነው፣ መድኃኒቱም እንደዚያው ይለያያል። ድንጋዩ በነሐሴ ከፍ ብሎ በመጋቢት ዝቅ የሚል ከሆነ የሚተነፍሰው መረሬው ነው፤ ያለማቋረጥ ወደ ታች ብቻ የሚሄድ ከሆነ ግን ወይ ሙሌቱ እየተጫነ ነው ወይ ውሃ አፈሩን እየጠረገ እየወሰደው ነው። ይህን ለመለየት ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ስታጃ፣ ማለትም ግንበኛ ወለል የሚያስተካክልበት ቀጥ ያለ ዘንግ፣ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ አስደግፈው፣ ከስታጃው ሥር እስከ ሰመጠው ድንጋይ ያለውን ክፍተት በሜትር ይለኩና ቀኑን ጨምረው በፓምፕ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይጻፉት። በየወሩ ይድገሙት። በአንድ ክረምት 4 ሳንቲ ሜትር መውረዱንና ቦታው ከፓምፕ ቤቱ አጠገብ መሆኑን ሳይ ግን፣ እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው ውሃን ነው።

ገንዳው ያፈስ እንደሆነ ለማወቅ ባልዲ ይበቃል። ባልዲውን በገንዳው ውሃ ሞልተው በመግቢያው ደረጃ ላይ ያስቀምጡት፤ በውስጡ ያለው ውሃና በውጭ ያለው የገንዳው ውሃ ከፍታቸው እኩል እንዲሆን አስተካክለው ሁለቱንም ምልክት ያድርጉባቸው። ፓምፑን ለ24 ሰዓት አጥፍተው ያነጻጽሩ፤ ከዚያ እንደገና አስተካክለው ፓምፑ እየሠራ ለሌላ 24 ሰዓት ያነጻጽሩ። ፀሐይና ነፋስ ከሁለቱም እኩል ስለሚወስዱ፣ ገንዳው ከባልዲው በላይ ከቀነሰ ልዩነቱ መሬት ውስጥ የገባ ነው ማለት ነው። ልዩነቱ ፓምፑ ሲሠራ የሚጨምር ከሆነ ውሃ ወደ ገንዳው የሚመልሰው ቧንቧ ይጠረጠራል፤ ውሃው ወርዶ ወርዶ ልክ በስኪመሩ (በገንዳው ግድግዳ ላይ ሆኖ የላዩን ውሃ ከነቆሻሻው በሚስበው ሳጥን) አፍ ሲደርስ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ስኪመሩ ወይም የእሱ መጋጠሚያ ነው። በእርስዎ ገንዳ ስፋት አንድ ሳንቲ ሜትር ማለት 320 ሊትር ነው። ይህ ሁሉ በየቀኑ በድንጋይዎ ሥር የሚያልፍ ከሆነ ምን ያህል አፈር ይዞ እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም።

አንድ ጊዜ ሰበታ አካባቢ የተጠራሁበት ግቢ ንጣፉ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ነበር። ሦስተኛውን ለመሥራት አንዱን ድንጋይ በድጅኖ ቀና ሳደርገው ከሥሩ አሸዋ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ክንዴን እስከ ክርን ድረስ አስገብቼ ታቹን አላገኘሁትም። በጉድጓዱ ጎን የሚታየው የፒቪሲ ቧንቧ ማጣበቂያ በአንድ በኩል ብቻ የተቀባ ነበርና፣ ፓምፑ በተነሣ ቁጥር ከመጋጠሚያው እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ይረጭ ነበር። ከእኔ በፊት የመጡት ሁለቱም አሸዋ እየጨመሩ ድንጋዩን አስተካክለው ሄደዋል፤ አሸዋውም በቀጣዩ ወር ውሃውን ተከትሎ ሄዷል።

ገንዳው የማያፈስ ሆኖ ከተገኘ የጣሪያውን ውሃ ይከተሉ። አዲስ አበባና አካባቢዋ በዓመት ከሚያገኙት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው በክረምት ይወርዳል፤ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ በአንድ የ30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 3,000 ሊትር ያወርዳል። የፓምፕ ቤቱ ወይም የዋናው ቤት አሸንዳ በዚያ ማዕዘን የሚፈስ ከሆነ መጀመሪያ እሱን በቧንቧ ወደ ግቢው መውጫ ያዙሩት። ፊልተሩ ሲታጠብ የሚወጣው ውሃም እዚያው አፈር ላይ የሚደፋ ከሆነ እንደዚሁ። በአጥሩ ሥር ባሕር ዛፍ ካለ ሥሩ መረሬውን በበጋ ከልክ በላይ ስለሚያደርቀው የመሰንጠቁ ችግር ይብሳል።

የሚፈስ ቧንቧ ከተገኘ ይጠገን፤ ለዚህ ሲባል ግን በክረምት ወይም ክረምቱ እንደወጣ ገንዳውን ባዶ እንዳያደርጉ አደራ እላለሁ። በውሃ የጠገበ መሬት ባዶ ገንዳን ከውጭ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ወለሉን ሊሰነጥቀው፣ አንዳንዴም ገንዳውን እንዳለ ሊያነሣው ይችላል። ለቧንቧው ጥገና የውሃውን ከፍታ ከስኪመሩ በታች ማውረድ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ለንጣፉ ሥራ የምመርጠው ጊዜ ኅዳር ነው። በየካቲትና በመጋቢት መረሬው እስከ መጨረሻ ተኮማትሮ ስለሚገኝ፣ ያኔ የተስተካከለ ንጣፍ ክረምት ሲገባ ተገፍቶ ይነሣል፤ በኅዳር ግን መሬቱ ከሁለቱ ጫፍ መካከል ነው። ቁፋሮው ሳይጀመር የፓምፑንና የገንዳ ውስጥ መብራቱን ኤሌክትሪክ ከቆጣሪው በኩል ያጥፉ፤ ገመዱ በዚያው ማዕዘን ማለፉ የተለመደ ነው፣ በስንት ጥልቀት እንደተቀበረ ደግሞ ከቀበረው ሰው በቀር የሚያውቅ የለም።

ድንጋዮቹን በኖራ ቁጥር እየጻፉባቸውና ፎቶ እያነሡ ከሰመጠው ስፍራ አንድ ረድፍ አልፈው ያንሡ፤ 6 ካሬ ሜትሩ ወደ 8 ያድጋል ማለት ነው። የድሮውን አሸዋ አውጥተው ይጣሉት፤ ከጭቃ ጋር የተደባለቀ ስለሆነ ተመልሶ አይገባም። ከድንጋዩ ሥር ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይቆፍሩና የ12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ቁራጭ በሰውነትዎ ክብደት ወደ መሬቱ ይግፉ። ፌሮው ያለ ችግር ጠልቆ የሚገባበት ቦታ ባዶ ወይም ያልተጠቀጠቀ ሙሌት ነውና፣ ጠንካራ እስኪገኝ ድረስ ይቆፈር። ሳንቃ፣ ከረጢት ወይም ሥር ካገኙ ያውጡ፤ የበሰበሰ ሳንቃ ቦታውን ለአየር ይለቃል።

ከታች ጂኦቴክስታይል ጨርቅ ይነጠፍና በላዩ ገረጋንቲ ይሞላል። ጨርቁ መረሬው በክረምት ለስልሶ ወደ ገረጋንቲው እንዳይዘልቅ ይከለክላል፤ ዋጋው ከሥራው ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ስለሆነ ማንም «ይቅር» ቢልዎ አይስሙት። የተቆፈረውን መረሬ መልሶ መሙላት ግን ፈጽሞ አይሆንም። ለ8 ካሬ ሜትር 20 ሳንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ውፍረት 1.6 ሜትር ኩብ ነው፤ ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ 2 ሜትር ኩብ ገደማ ይዘዙ። በአንድ ጊዜ ከ10 ሳንቲ ሜትር አይበልጥ። እርጥበቱን በእጅዎ ይለኩ፤ ሲጨብጡት የሚያያዝ፣ ነገር ግን በጣቶችዎ መካከል ውሃ የማይወጣው ልክ ነው። ኮምፓክተር፣ ማለትም መጠቅጠቂያ ማሽን፣ መከራየት ከቻሉ መልካም፣ ሆኖም ከገንዳው ግድግዳ በግማሽ ሜትር ውስጥ ማሽን አይግባ፣ በተለይ ግድግዳው በብሎኬት የተሠራ ከሆነ። እዚያ በእጅ መጠቅጠቂያ በትዕግሥት ይሠራ።

በገረጋንቲው ላይ 3 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ይመጣል። አሸዋውን ከመግዛትዎ በፊት ትንሹን በጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር ነቅንቀው ለጥቂት ሰዓታት ያስቀምጡት፤ ከላይ የሚተኛው የደለል ንብርብር ወፍራም ከሆነ ያ አሸዋ ለግንባታም ለንጣፍም አይሆንም። 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት የብረት ቱቦዎች ጎን ለጎን አስተኝተው በስታጃው አሸዋውን ቢያስተካክሉት ወለሉ በአንድ ጊዜ እኩል ይወጣል፤ ቱቦዎቹን አንሥተው ቦታቸውን ይሙሉና ከዚያ በኋላ አይርገጡበት። ዝቅታው በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከገንዳው ወደ ውጭ ይሁን፤ ለአራት ድንጋይ ስፋት 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ሲባጎ ወጥረው በውሃ ልክ ያረጋግጡት፤ በዓይን ልክ የሚሠራ ግንበኛ ዝቅታውን ወደ ገንዳው ሲያዞረው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ድንጋዮቹን በቁጥራቸው መልሰው በጎማ መዶሻ ሲመቱ ከአጠገባቸው ካሉት 5 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርገው ይተዉአቸው፤ በመጀመሪያው ወር ይወርዳሉ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ረድፍ መካከል ያለውን መገጣጠሚያ ግን በሲሚንቶ አይድፈኑት። አንደኛው በግድግዳ፣ ሌላው በመሬት ላይ ስለተቀመጡ አብረው አይንቀሳቀሱም፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ክፍተት ትተው ከሥር የስፖንጅ ገመድ፣ ከላይ ፖሊዩሪቴን ማሸጊያ ያድርጉበት። በሌሎቹ መገጣጠሚያዎች ደረቅ ደቃቅ የድንጋይ ብናኝ በመጥረጊያ ይገባል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለሚወርድ እንደገና ይጨመርበታል። እስከዚያ ድረስ በውሃ ጎማ አይጠቡት።

በመጪው ነሐሴ ስታጃዎን አውጥተው ሥራው ካለቀ በኋላ ለክተው በግድግዳው ላይ ከጻፉት ቁጥር ጋር ያስተያዩት። ልዩነቱ 5 ሚሊ ሜትር ድረስ ከሆነ መረሬው ነው፣ አይንኩት፤ ከዚያ ካለፈና ወደ ታች ከሆነ ግን ድንጋይ ከማንሣትዎ በፊት ባልዲውን እንደገና ወደ ደረጃው ይመልሱት።